ከክርስትናው ማግስት የመጣ መርዶ

ልጄ ክርስትና በተነሣ ማግስት፣ ገና በማለዳው፣ አያት ሰፈር ያለው የኮንዶሚኒየም ቤታችን በር ተንኳኳ። ስከፍት ዘመዶቼና ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረጃው ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው፣ ደሴ ከአባቴ ጋር የሚኖረው ወንድሜ አንገቱን ደፍቷል። መርዶ መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

አባቴ የሞተው ግን ያን ሰሞን አልነበረም። የሰባት ወር እርጉዝ ሳለሁ ነው። ተቀብሯል፣ አርባው ወጥቷል፣ ድንኳኑም ፈርሷል። ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ባለቤቴ "የመስክ ሥራ አለብኝ" ብሎ ሦስት ቀን የጠፋው ለካ ለቀብር ኖሯል። ሸሚዙን የተኮስኩለት፣ ሻንጣውን ያሰናዳሁለት እኔ ነኝ። ከዚያም ወዲህ ሁለት ጊዜ ያን የሚያህል ሆድ ይዤ ላምበረት መናኸሪያ ድረስ ሄጄ የአባቴን የስኳር መድኃኒት በአውቶቡስ ልኬያለሁ። ወንድሜ "ደርሶታል፣ መርቆሻል" ይለኛል። አባባን አገናኘኝ ስለው አንዴ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ አንዴ ተኝቷል፣ አንዴ ኔትወርኩ አስቸገረ። አመንኩት። ወንድሜን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?

"ለአንቺ ብለን እኮ ነው፤ ደንግጠሽ ፅንሱ አንድ ነገር ቢሆንስ?" አለ ባለቤቴ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ለእኔ ተብሎ፣ ከእኔ በቀር ሁሉም ወሰነ። የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ ፈርቼ ነበር፤ ከወለድኩ በኋላ ምን ዓይነት ሰው እንደምሆን እንኳ አላውቅም ነበር። በዚያ ጭንቀት መሀል የያዘኝ የአባቴ ምርቃት ነበር። እሱንም ወንድሜ ከራሱ እያወጣ ሲነግረኝ ከርሟል።

ለቀስተኞቹ አብረውኝ አለቀሱ፤ አላለቀሱም አልልም። ግን ኀዘናቸው ከወጣላቸው ወራት አልፈዋል። አንዷ ጎረቤቴ እንባዋን ጠርጋ ሳትጨርስ ከክርስትናው የተረፈውን ድፎ ዳቦ መቁረስ ጀመረች። እኔ ጮክ ብዬ ሳለቅስ ደግሞ "ጡትሽ ይደርቃል፣ በቃሽ" አሉኝ። በቃሽ ያሉኝ ገና ሳልጀምር ነው።

በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ወደ ኩሽና ጠራኝ። እዚሁ ለሚ ኩራ የሚኖሩት የአባታችን ታላቅ እህት አልሰሙም አለኝ። ልባቸውን ያማቸዋል፤ ሲሻላቸው እናረዳቸዋለን፤ እስከዚያ ቢደውሉ እንዳትነግሪያቸው።

"የሞተው ወንድማቸው ነው" አልኩት። "ስንት ሰው ልታታልል ነው? እኔ አልዋሽም።"

ከሰዓት በኋላ ደወሉ። ድምፃቸው ደክሟል፤ በየሁለት ቃሉ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ።

"ልጄ፣ ለክርስትናው አቅም አጥቼ ነው የቀረሁት። አባትሽ እንዴት ነው? የልጅ ልጁን ነገር ሰማ?"

ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። በስልኩ የሚሰማኝ የእሳቸው ትንፋሽ ብቻ ነው።

"ደህና ነው፣ እትዬ" አልኳቸው። "በጣም ደስ ብሎታል።"