ሦስት ቀን ያልወለቀ ካልሲ

ሀርጌሳ በሠራሁባቸው ዓመታት ከሁሉ በላይ ያደከመኝ መርፌ መውጋቱ ወይም ቁስል ማጠቡ አልነበረም፤ መናገሩ ነበር። ያንኑ ነገር ደጋግሞ መናገር። የስኳር ሕመምተኞቻችን ቅዳሜ ጠዋት 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ወዳለችው ትንሿ ክሊኒካችን ይመጣሉ። ጣሪያው በላስቲክ ሸራ በተሸፈነ ዳስ ሥር ይቀመጣሉ፤ እኔ ቆሜ አስተምራለሁ። ከተማው ከጦርነቱ በኋላ እንደገና የሚሠራበት ጊዜ ነበር። በየአቅጣጫው መዶሻ፣ በየአቅጣጫው የሲሚንቶ አቧራ። ድምፄን ከመዶሻው በላይ አወጣለሁ ስል የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ሳይደርስ ጉሮሮዬ ይዘጋል።

የማስተምረው ብዙ አልነበረም። ፍሪጅ የሌለው ሰው ኢንሱሊኑን በላስቲክ ጠቅልሎ እርጥብ አሸዋ ባለበት እንስራ ውስጥ እንዲያስቀምጥ። መርፌውን ተወግቶ ምግብ ሳይቀምስ ከቤት እንዳይወጣ። ሻይ እንዲቀንስ፣ ካልቀነሰም ያለ ስኳር እንዲጠጣ። እዚህ ላይ ሁሉም ይስቃሉ። እዚያ አገር ሻይ ማለት ስኳር ነው፤ ሰው ቤት ገብቶ ያለ ስኳር ስጡኝ ያለ እንግዳ ባለቤቶቹን እንደ ማሳፈር ይቆጠርበታል። "በእኔ አሳብቡ፤ ያቺ ሐበሻ ነርስ ከለከለችኝ በሉ" እላቸዋለሁ። እሺ ይላሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽንታቸውን ስመረምር ወረቀቱ ያንኑ ቀለም ይዞ ይወጣል።

ስለ እግር ግን የሚሰማ አነጋገር አግኝቼ ነበር። ስኳር የቆየበት ሰው እግሩ ይደነዝዛል፤ ምስማር ቢወጋው፣ ጠጠር ቢፍቀው አይታወቀውም። ሳያመው ስለሚቆስል በየቀኑ ማየት አለበት። "በየቀኑ እዩ" ስላቸው ግን የሚያይ አልነበረም። አንድ ቀን ራሴ ለሶላት እግሬን ሳጥብ ነገሩ ብልጭ አለልኝ። ከዚያ ወዲህ "ውዱእ ስታደርጉ እግራችሁን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። በጣቶቹ መካከል ጣታችሁን አስገቡ፣ ሱናም ነው። ስትጨርሱ በጨርቅ አድርቁ" ማለት ጀመርኩ። ይህቺን ስናገር ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አልሐምዱ ሊላህ፣ ጥቂት እግር በዚህ ምክንያት ሳይበላሽ ደርሶልኛል።

ከታካሚዎቼ መካከል ከድሬዳዋ የመጡ አንድ ግንበኛ ነበሩ። ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር ከሶማሌ ባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ፤ እሷ ደጃፏ ላይ ሻይ ትሸጣለች። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ትልቅ ሰው "እርስዎ" እየተባለ ሲጠራ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እሳቸው ደግሞ እንደ አገራቸው ልማድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "አንቺ" አሉኝ፤ ሐኪሙንም "አንተ"።

"እንዴት አደሩ፣ ጋሼ?"

"አቦ ተይኝ! ያስረጀኝ ስኳሩ መሰለሽ? አንቺና እርስዎሽ ናችሁ።"

ሥራ አይፈቱም ነበር። ጣሪያው የፈረሰ፣ ግድግዳው የተበሳሳ ቤት በሞላበት ከተማ የግንበኛ እጅ እንዴት ይፈታል? አንዱን ቤት ሳይጨርሱ የሌላው ባለቤት መጥቶ ይጠብቃቸዋል። "ጋሼ፣ ትንሽ ይረፉ እንጂ" ስላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ይቺን ቤት ብቻ ልጨርስና ወደ አገሬ እሄዳለሁ፤ እዚያ አርፋለሁ።" ስንት "ይቺን ቤት" እንዳለፈ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ብርዱ በበረታበት ወቅት አንድ ቅዳሜ፣ በትምህርቱ መካከል አንድ ሽታ መጣብኝ። የበሰበሰ ቁስል ሽታ አንዴ የለመደ አፍንጫ አይስተውም። ንግግሬን ሳላቋርጥ በዐይኔ ፈለግሁት። ግንበኛው ጥግ ላይ፣ አዲስ ጥቁር የቆዳ ካልሲ በጫማቸው ላይ ብቅ ብሎ፣ ጎረቤታቸውን እያሳቁ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ግን አመድ መስሏል። ባለቤታቸው አጠገባቸው ናት። ሰዉ ሲበተን ሁለቱንም ወደ ቁስል ማጠቢያው ክፍል ጠራኋቸው።

"ምን ሆኛለሁ? ምንም አላመመኝም እኮ።"

"አውቃለሁ ጋሼ። ስላላመመዎት ነው የፈራሁት።"

ካልሲው አልወልቅ አለ። በለብታ ውሃ አርሼ አርሼ ቀስ እያልኩ ሳወጣው ከሥሩ ያለው ጨርቅ ከሥጋው ጋር ተጣብቆ መጣ። ከትንሿ ጣት ሥር የምስማር ቀዳዳ አለ፤ ትንሿ ጣትና አጠገቧ ያለችው ጠቁረዋል፤ መቅላቱ ወደ እግራቸው ጀርባ መውጣት ጀምሯል። ባለቤታቸው የሻሿን ጫፍ በአፍንጫዋ ላይ ያዘች። ሱብሓነላህ አልኩ።

"ጋሼ፣ ይህን ውዱእ ሲያደርጉ አላዩትም?"

"የት አይቼው? በላዩ ላይ ነው እኮ የማብሰው።"

አልገባኝም ነበር። እሳቸው ሕፃን ቁርአን እንደሚያስቀሩ ሁሉ በትዕግሥት አስረዱኝ። በቆዳ ካልሲ ላይ፣ በኹፍ ላይ፣ እርጥብ እጅን ማሳለፍ ይበቃል፤ እግር መታጠብ የለበትም። ይህንን እኔም አውቃለሁ። ውሃ በአህያ ጋሪ እየተሸጠ፣ ጠዋቱም እንደዚያ እየበረደ፣ አላህ ያገራውን ለምን ያከብዱታል?

"እሺ፣ ግን ካልሲው ይወልቃል አይደለም እንዴ? በቀን አንዴ?"

"እሱ ለነዋሪ ነው፤ አንድ ቀን ከነሌሊቱ። ለሙሳፊር፣ ለመንገደኛ፣ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ ነው።"

"እርስዎስ?"

"እኔማ ሙሳፊር ነኝ።" ምን ትጠይቂኛለሽ በሚል ዐይን አዩኝ። "ይቺን ቤት ስጨርስ እሄድ የለም?"

በሦስት በሦስት ቀን ደግሞ የሚያወልቁት ከሱብሒ ሶላት በፊት በጨለማ ነው፤ አጥበው፣ ጨርቁን ጠምጥመው፣ ጫማቸውን አጥልቀው ወደ ሥራ። ቁጭ አልኩ። ለሦስት መቶኛ ጊዜ የተናገርኩት ነገር ከጆሮ አልፎ እግር ጋ ሳይደርስ በየት በኩል እንደሚፈስ ማን ያውቃል።

ሐኪሙን ጠራሁት። አዲስ አበባ የተማረ የዚያው የሀርጌሳ ልጅ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። እግሩን በብርሃን አዟዙሮ አየው፤ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን የደም ምት ዳሰሰ።

"ሁለቱ ጣቶች መውጣት አለባቸው። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ራሴ እሠራዋለሁ። ከዚያ ካለፈ ስለ ጣት አይደለም የምናወራው።"

"ድሬ ሄጄ ይቆረጥ።"

"በየትኛው መንገድ? እስከ ድንበሩ፣ እስከ ዋጃሌ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ጅጅጋ፣ ከዚያ ደግሞ... መኪናው ከተሰበረ እግርዎ አይጠብቅዎትም። በመንገድ ላይ እግርዎን ብቻ አይደለም የሚያጡት።"

"አንተ ልጅ፣ ሙሳፊር ሰው አካሉን በሰው አገር አይጥልም።" ድምፃቸው ቀልዱን ትቶ ወረደ። "የተቆረጠ ጣት ይቀበራል አይደል? ይቀበራል። ከአካሌ እዚህ ከተቀበረ እኔ ከእንግዲህ ወዴት ነው የምሄደው?"

ሐኪሙ ወደ እኔ አየ። ዲኑ ሕይወትን ማዳን እንዳዘዘ፣ ጣት የትም ቢቀበር ጌታው እንደማይረሳው ነገርኳቸው። የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ። ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ልለምናቸውም ፈለግሁ፤ ጉልበቱ አልነበረኝም። አሥር ጊዜ ብናገር ያው እንደሆነ ስለማውቅ መታጠቢያውን ሳህን አንስቼ ማጠብ ጀመርኩ።

የምንነጋገረው በአማርኛ ነበርና ባለቤታቸው አፍ አፋችንን ስታይ ቆይታለች። ከወሬው ሁሉ ግን አንዷ ቃል በእሷም ቋንቋ አለች፤ ሁሉም ሙስሊም የሚያውቃት ናት።

"ሙሳፊር ማነው?" አለች በሶማልኛ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በማስተምርበት በተሰባበረ ሶማልኛዬ "እሳቸው። ለዚህ ነው ካልሲያቸውን ሦስት ቀን የማያወልቁት" አልኳት። ነገሩን ማባባሴ እንደሆነ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

ሻሿን ከአፍንጫዋ ላይ ለቀቀች። ከዚያ የወረደውን ግማሹን እኔው ሰማሁ፤ ግማሹን ሐኪሙ ከንፈሩን እየነከሰ ተረጎመልኝ።

"ሙሳፊር! የቤቴን ጣሪያ ስታቆም ሙሳፊር ነበርክ? ልጆችህ ሲወለዱ አዛን በጆሯቸው ስትል ሙሳፊር ነበርክ? ታዲያ እኔ ምንህ ነኝ? የዋጃሌ መንገድ ሻይ ቤት ነኝ? ጠጥተህ፣ አፍህን ጠርገህ የምትሄድባት?"

መስኮቱ መስታወት አልነበረውም። ውጪ መድኃኒት የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉንም ሰምተው ኖሮ ከመካከላቸው አንዷ "ሂሳቡን ከፍሎ ይሂዳ!" ብላ ጮኸች። ሳቁ ግቢውን ሞላው። ሚስትየው አልሳቀችም። ዐይኗ ሞልቶ ነበር።

ግንበኛው አንገታቸውን ደፉ። ሲሚንቶ በሰነጣጠቃቸው ትልልቅ እጆቻቸው ጉልበታቸውን ሲያሹ አያለሁ።

"ወላሂ፣ ይቺ ሴትዮ" አሉ በመጨረሻ በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞሩ። "ነገ ስንት ሰዓት ነው?"

ሐኪሙ ሰዓቱን ነገራቸው። እሳቸው ደግሞ ወደ ባለቤታቸው ዞረው ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቋት። ጣቶቹ የት እንደሚቀበሩ ነበር። "በግቢያችን። በሠራኸው አጥር ሥር" አለቻቸው።

ጣቶቹ ወጡ፤ ነገሩ ግን አላለቀም። መቅላቱ ወደ ላይ ይወጣል ወይስ ይወርዳል እያልን ሰነበትን። ሐኪሙ በየጠዋቱ በእስክሪብቶ ዳሩን ያሰምርበታል፤ በማግሥቱ መስመሩን አልፎ ከሆነ ከቁርጭምጭሚት በላይ መቁረጥ ነው። ክሊኒኩን ዘግቼ ወደ ሆስፒታል እሄዳለሁ፤ ፋሻውን እፈታለሁ፤ መስመሩን ለማየት ከመጎንበሴ በፊት ቢስሚላህ እላለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዙህር ሲሰግዱ ደረስኩ፤ አልጋው ላይ ተቀምጠው በምልክት ነበር የሚሰግዱት። ከዚያ በፊት እንደ ሙሳፊር ሁለት ረከዓ አሳጥረው ነበር የሚሰግዱት። ያን ቀን አራቱንም ሞሉ። እኔ ራሴ ከመጣሁበት ወር ጀምሮ ሙሉ ነው የምሰግደው፤ ልብሴ ግን ያን ጊዜም ከሻንጣ አልወጣም ነበር።

መስመሩ ቆመ። ከዚያ መቅላቱ ወደ ታች ወረደ። ቁስሉ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ማብቀል ሲጀምር ቤታቸው ገብተው እኔ ጋአን ሊባህ እየሄድኩ ማጠቡን ቀጠልኩ። መንገዱ ዳገት ነው፤ በሥራ ላይ ከዋለ እግር ጋር አይስማማም። እንዲህ ዝዬ ደርሼ ለሁለት ሰው ማስተማር አልቻልኩም፤ ለሚስትየው ብቻ አሳየኋት። ቀይ የሚባለው የቱ እንደሆነ፣ ቆዳ ሲወፍር ምን እንደሚመስል፣ የጫማን ውስጥ በእጅ መዳሰስ። ግንበኛው ከምንጣፋቸው ላይ ሆነው ያጉረመርማሉ።

"አምስት ጊዜ በቀን ትፈትሸኛለች። የዋጃሌ ጉምሩክ ይሻለኛል፤ እነሱ እንኳ አንዴ ከፈተሹ ይለቁሻል።"

"ጋሼ፣ ስኳሩስ እንዴት ነው?"

"ሻዩን ከቀማችኝ ወዲህ? መራራ ነው፤ ሕይወቴም እንደዚያው።" ቀጥለው፣ ቀልዱን ሳይጨርሱ፣ "መቼ ነው መወጣጫው እንጨት ላይ የምወጣው? ያቺ ቤት ጣሪያ ቀርቷታል" አሉ።

እውነቱን ነገርኳቸው። ዘንድሮ አይሆንም፤ ምናልባትም ከእንግዲህ ከታች ቆመው ማሳየት እንጂ መውጣት አይቻልም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ራሳቸው የለሰኑት ግድግዳ ነው፤ ለብዙ ጊዜ አዩት። ያቺን ቤት ሌላ ሰው ጨረሳት።

የመጨረሻው ቀን ፋሻውን ስፈታው ቁስሉ ገጥሞ ነበር። አልሐምዱ ሊላህ አልኩ። ከዚህ በኋላ መምጣት እንደማያስፈልገኝ፣ በየቀኑ ማየቱ ግን ዕድሜ ልክ እንደሆነ ለሚስትየው ነገርኳት።

"በቃ፣ ከእንግዲህ እኔው አያለሁ" አሉ እሳቸው በሶማልኛ፣ እግራቸውን ሊሰበስቡ እየሞከሩ።

"አንተማ ዐይንህም ሙሳፊር ነው" አለችና እግራቸውን ጎትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

በእኔ ፊት አፈሩ፤ ሽርጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ሳቡ። ዕቃዬን ሰበሰብኩ። እሷ ጨርቅ ይዛ በቀሩት ጣቶች መካከል አንድ በአንድ እያደረቀች ነበር። እንደ ወጉ እስከ በር አልሸኘችኝም፤ እጇ ሥራ ይዞ ነበር።