በታሸገ በር ላይ የተለጠፈ መጥሪያ

ሲወስዱኝ መገናኛ ያለውን የሴራሚክ ሱቄን አሸጉት። ጥፋቴ ለተቃዋሚዎች የምርጫ ቅስቀሳ ፒካፔን ማዋሴ ነው። ነዳጁን እንኳ የሞሉት እነሱ ናቸው።

የታሰርኩበት ክፍል የእርጥብ ብርድ ልብስና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ከጣሪያው ሥር ባለች ቀዳዳ ወደ ቦሌ የሚወርደው አውሮፕላን ድምፅ ይገባል። ከተማው ሁሉ ፎቅ በሚሠራበት ዘመን እኛ ተራ ጠብቀን ጎናችንን እንገለብጣለን።

አንድ ቀን ስንቅ ያመጣችው ባለቤቴ ከሽቦው ማዶ ሆና «ተፈርዶብሃል» አለችኝ።

ወደ ሽቦው ተጠጋሁ። «ስንት ዓመት?»

«የምን ዓመት? በሕንጻው ነው! ተቋራጩ ከሶህ፣ መጥሪያ ተለጥፎ አልቀረበም ተብሎ፣ በሌለህበት ተፈረደለት። ፍርዱ ካልተነሣ ሕንጻው ለሐራጅ ነው።»

ገርጂ የጀመርኩትን ሕንጻ ማለቷ ነው። ሰውዬው የሁለተኛውን ፎቅ ዓምዶች አጣሞ አቁሞ «ክፈል» ሲለኝ፣ «አቃናና ውሰድ» ብዬው ነበር የተለያየነው። መታሰሬን ሲሰማ ማቃናቱን ትቶ ከሰሰኝ።

«መጥሪያውን የት ለጠፉት?»

«ሱቁ በር ላይ። ከፖሊሱ እሽግ ጎን።»

ለክፍሉ ስነግር ሳቅ ሆነ። ካቦ የምንለው አለቃችን «እኛ በቀጠሮ ስንመላለስ ስንከርም፣ አንተ ሳትሄድ ፍርድ አገኘህ! ሰው አለህ መሰለኝ» አለ።

ጥግ የሚተኙት ሽማግሌ ጠበቃ ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ባወቅህ በአንድ ወር ውስጥ ውሳኔው ይነሣልኝ ብለህ ካላመለከትህ ሕንጻውን እርሳው» አሉ። እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍኩ፤ ባለቤቴ ወስዳ አስገባች።

ወሬው ለመርማሪዬ ደረሰ። «ቃልህን ፈርምና ነገ ውጣ፤ ሕንጻህንም አድን» አለኝ። ቃሌ የተባለውን የጻፈው እሱ ነው።

«ጌታዬ፣ ባልሰማሁት ነገር ተፈርዶብኛል። ደግሞ ባላደረግሁት ልፈርም?»

ወደ ክፍሌ መለሰኝ። ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ ሕንጻው አሥር ዓመት የለፋሁበት ነው።

በክፍላችን ሕግ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው የቤቱ ሙሽራ ነው። በቀጠሮዬ ዋዜማ ሱሪዬን ከፍራሽ ሥር አንጥፈው ተኙበት፤ ሲነጋ ተተኩሷል። ካቦው ጫማውን አወለቀልኝ። የክፍሉን የጋራ ጥቁር ኮት ጠበቃው አለበሱኝ። የኮቱ ባለቤት ማን እንደነበረ የሚያውቅ የለም፤ ተፈትቶ የሄደ ሰው ነው ትቶት የሄደው።

ችሎት ላይ ተቋራጩ «ሆን ብሎ ተሰውሮ ነው» አለ። ካቴናዬን እያየ ነው ይህን የሚለው።

ዳኛዋ «ቀኝ እጅዎን አንሥተው ይማሉ» አሉኝ። «እርስዎ» የሚለኝ ሰው ካገኘሁ ሰንብቼ ነበር። እጄን ባነሣ ግን ሁለቱም ናቸው የሚነሡት።

«ክብርት ዳኛ፣ ሁለት እጅ የሚያነሣ የተማረከ ሰው ነው። እኔ አልተማረክሁም። ይፈታልኝና ልማል።»

ፖሊሱ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ዳኛዋ ወደ እሱ ዞረው «ፍታለት» አሉት።

አንድ እጄን አንሥቼ ማልኩ። «መጥሪያው የተለጠፈው መንግሥት ባሸገው በር ላይ ነው። ያን በር ከፍቼ ብገባ ሌላ ወንጀል ነበር። የተሰወርኩት ደግሞ በመንግሥት መኪና ተጭኜ ነው።»

ውሳኔው ተነሣ። ክርክሩ ሀ ተብሎ ተጀመረ፤ ኋላ ላይ ተቋራጩ በባለሙያ ፊት ዓምዶቹን አቃና፣ እኔም የላቡን ሰጠሁት።

ያን ቀን ክፍል ስገባ ሁሉም ቆመው ጠበቁኝ። «እ?» አለ ካቦው።

«ተነሣ!»

የጮኹትን ጩኸት ጠባቂው አመፅ መስሎት ሮጦ መጣ። ኮቱን አውልቄ አጥፌ አስቀመጥኩ፤ በማግስቱ ሌላ ሙሽራ ነበረን።

ኋላ ሳልፈርም ስፈታ ባለቤቴ አዲስ ኮት ይዛልኝ መጣች። ወደ ውስጥ ለክፍሉ ሰዎች አስላክሁትና በሸሚዝ ወጣሁ። «ብርድ ይመታሃል» ብትለኝ አልሰማኋትም። ዛሬ የገርጂውን ደረጃ ስወጣ በሁለተኛው ፎቅ ዓምድ ላይ እጄን አሳርፋለሁ፤ ቀጥ ብሏል። ያ የላክሁት ኮት ደግሞ አሁንም የአንዱን እስረኛ ትከሻ ቀጥ አድርጎ ችሎት ያቆመው ይሆናል።