ጋሼ ሞተር ሲያዳምጡ

ሟቹ አጎቴ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባለው ጋራዣችን የቱርቦ መኪናዬን ጉልበት ጨምሩልኝ የሚል ሲመጣ መጀመሪያ ሞተሩን ያዳምጡ ነበር። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ግራ እጃቸውን ሲያነሱ መዶሻ ሁሉ ይቆማል። ሞተሩ የሚያንኳኳ ከሆነ ባለቤቱ ቢለምንም ቢቆጣም አይነኩለትም። «ሂድና ደህና ቤንዚን ቀድተህ ና። እያንኳኳ ጉልበት ከተጨመረለት ፒስተኑ ይበሳል፤ የተበሳ ፒስተን ደግሞ ይቅርታ አያውቅም» ይሉታል።

ከቀበርናቸው ወዲህ የመጀመሪያው ቱርቦ መኪና ትናንት መጣ። ካቻቢቴውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ማንም ሳያዝ መዶሻዎቹ ቆሙ። አዳመጥኩ፤ ያንኳኳል አያንኳኳም መለየት አቃተኝ። ጩኸት ብቻ ነው የምሰማው። ለካ ያንን ጆሮ ነው አፈር ያለበስነው።

እንደ ልማዴ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይስሙት» ብዬ እጀታውን ወደ ኋላዬ ዘረጋሁ። የተቀበለኝ የለም። መዶሻ ያነሳም የለም።