ና፣ ልሸኝህ

ዛሬ በአጎቴ ሙት ዓመት፣ የእህቴ ልጅ ስለ እሳቸው በእንግሊዝኛ የጻፈችውን ስታነብ ሽበቴን ተማምኜ በእንግዳ ፊት አቋረጥኳት።

«ከ‹ኢንጆይ› በኋላ ‹ቱ ሪድ› እንጂ ‹ሪዲንግ› አይባልም!»

አንገቷን ደፍታ ጨረሰችና ብቻዋን ወደ ታክሲ ሄደች። በኋላ የአጎቴን የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ ብገልጥ ልክ እሷ ናት፤ ጅሉ ሽማግሌ እኔ ነኝ።

እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ አጎቴ፣ እኔ ይህንኑ ስሳሳት በሰው ፊት አርመውኝ አያውቁም። «ና፣ ልሸኝህ» ይሉና እስከ አቃቂ ድልድይ እየሸኙ ቀስ ብለው ይነግሩኛል።

«እዚያው ቤት ቢነግሩኝ ምናለበት?» ስላቸው፣

«ቤትማ ሰው አለ። እዚህ የሚሰማህ የጋሪ ፈረስ ነው፤ እሱ ደግሞ አያማህም!» አሉኝ።

ከዘራቸው በሩ ጥግ እንደቆመ ነው፤ የሚያነሳው የለም። አፍሬያለሁ። ለልጅቷ አንድ ሽኝት አለብኝ።