ከሊሙ ስልክ ውስጥ የሰማሁት ማንኳኳት

ያን ጠዋት ጥያቄዎቼን ጠይቄ ሳልጨርስ ስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር «ኳ» አለ...

ጊዜው የደርግ ነው። ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። ቤታቸው የተኙ በሽተኞችን እየሄድን እናክማለን። ችግሩ ቤንዚን በኩፖን ነው፣ መኪናችንም አንድ ቀን ሠርታ ሁለት ቀን የምታርፍ አሮጊት ናት። ስለዚህ ስልክ ያለበት ቤት ከሆነ አስቀድመን ደውለን እንጠይቃለን። ይበላል? ቆስሏል? ሰው ያውቃል? ከዚያ ማን ጋ እንደምንሄድ እንወስናለን። ተስፋ የለውም ያልነውን ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለንና፣ ተራውን ለሌላ እንሰጥበታለን።

የዚያን ቀን ተረኛ የሊሙ ገነቱ ጋሽ ጀማል ነበሩ። ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆኖ አንደበታቸው ከተዘጋ ዓመት አልፏል። ከመታመማቸው በፊት የከተማው ስልከኛ፣ መስመር አገናኝ ነበሩ። ቤታቸው የገባው ስልክ ከአልጋቸው ራስጌ፣ ሳጥን ላይ ተቀምጧል፤ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ አጠገቡ ላለ ሁሉ ይሰማል። ያነሱት ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ናቸው።

«እትዬ፣ ጋሼ ምግብ ይወስዳሉ?»

«አልሃምዱሊላህ፣ በማንኪያ ሳጎርሰው ይውጣል።»

ኳ።

«ያስላቸዋል?»

«የለም፣ ሳል እንኳ የለውም።»

ኳ... ኳ።

«ጀርባቸው ቆስሏል?»

«ኧረ አልቆሰለም ልጄ።»

ኳ።

ዝናብ መሰለኝ። የሊሙ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው አያነጋግርም። ግን ዝናብ ጥያቄ እየጠበቀ አይወርድም...

«እትዬ፣ ማነው የሚያንኳኳው?»

«እጁ ነው፣ ግራ እጁ። ይንቀጠቀጥና ሳጥኑን ይመታዋል። ማል ጎዳ? ምን አደርጋለሁ? በሽታው ነው።»

«ይሰማሉ? ሰው ያውቃሉ?»

«አይሰማም። ይሄው እንደ ግንድ ተጋድሟል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለማን እነግራለሁ... ትናንት አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ያ ረቢ፣ በቃ ውሰደውና ሁለታችንም እንረፍ ብዬ ለመንኩ። ወገቤ አለቀ ልጄ። እሱ እንደሁ አይሰማ...»

አሁን ምንም አልተንኳኳም። ቆየ... ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ኳ።

ቶሎ ብዬ ስልኩን ለመዝጋት ነው የፈለግኩት። አይሰሙም፣ ሰው አያውቁም ከተባለ ደግሞ መኪናዋን ወደ ሌላ በሽተኛ መላኬ ነው። «እንግዲህ እትዬ...» ብዬ ልነግራቸው ስጀምር ሌላ ድምፅ ገባ።

በዚያ ዘመን መስመር ላይ ሦስተኛ ጆሮ እንደማይጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ሲናገር የሰማሁት ግን የዚያን ቀን ብቻ ነው።

«ሲስተር ይቅርታ... ታደለች ነኝ፣ የሊሙ ስልከኛ። ማዳመጥ እንደሌለብኝ አውቃለሁ። ግን እሱ መንቀጥቀጥ አይደለም።» ልጅቷ የምታወራው በሹክሹክታ ነው። «ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። መስመር ተበላሽቶ የደንበኛው ድምፅ አልሰማ ሲለን፣ አዎ ከሆነ አንዴ፣ አይደለም ከሆነ ሁለቴ ያንኳኩ እንላለን። ዘዴው የሳቸው ነው።»

እኔ በሆዴ ወደ ኋላ ተመልሼ ጥያቄዎቼን ለቀምኳቸው። ሳል? ሁለቴ። ጀርባቸው ቆስሏል? አንዴ። ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሽተኛው ራሳቸው ናቸው የሚመልሱልኝ!

«እትዬ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያድርጉልኝ» አልኩ።

ትንፋሻቸው መጣ። ከባድ፣ ቅርብ።

«ጋሽ ጀማል፣ ይሰሙኛል?»

ኳ።

«ከታመሙ ጀምሮ የሚባለውን ሁሉ ሲሰሙ ነው የኖሩት?»

ኳ።

ዓመት ሙሉ! ስንቱ ጠያቂ ራስጌያቸው ቆሞ ስለ ቀብራቸው አውርቷል መሰላችሁ። ከወዲያ የእትዬ ዘሀራ ድምፅ ከሩቅ ተሰማኝ። እኔን አይደለም የሚያናግሩት።

«ጀማል... የትናንቱን ሰምተሃል? አላህን የለመንኩትን?»

ኳ።

እንግዲህ ሦስት ሴቶች ሁለተኛውን እንጠብቃለን። ታደለች መስመሩ ላይ ስትተነፍስ ይሰማኛል። እባክዎ ጋሼ፣ እባክዎ አንዴ ይድገሙት እላለሁ በሆዴ...

ኳ።

አይደለም። አልሰማሁም። እትዬ ዘሀራ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቀው አለቀሱ።

በዚያው ሳምንት መኪናዋ ሊሙ ወጣች። የጀርባቸው ቁስል ጥልቅ ነበር። እትዬ ብቻቸውን ማገላበጥ ስለማይችሉ አላዩትም። አጠብኩት፣ አሸግኩት፣ ጎረቤት ተራ እየገባ እንዲያገላብጣቸው አስማማሁ። እትዬ የተረፈውን ውሃ ሊደፉ ወጣ ሲሉ ጎንበስ አልኩና ያስጨነቀኝን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ የዚያን ቀን ነገር... እውነቱን፣ እትዬ ሲለምኑ ሰምተዋል?»

መጀመሪያ በሩን አዩ። ከዚያ ጣታቸውን አነሱ።

ኳ።

ሁለተኛውን ጠበቅኩ። አልመጣም።

እትዬ ዘሀራ ይህን ሳልነግራቸው አለፉ። እኔም ይሄው ጡረተኛ ሆኛለሁ፣ ጆሮዬም ደክሟል፣ ግን ዛሬም ከተኛ ሰው አጠገብ «እሱ እንደሁ አይሰማ» የሚል ሲያጋጥመኝ ዝም ብዬ ማንኳኳቱን እጠብቃለሁ።