ከጤፉ ኩንታል ሥር

ዓይኔን የወሰደው ኩፍኝ ነው፤ ድብ ባሕር ከሚባል ገጠር እያለን፣ ገና የወተት ጥርሴ ሳይነቀል። አባቴ እንደማንኛውም አባት ጠበል ለጠበል አዞረኝ፤ አልሆነም። ወንድ ብሆን ነገሩ ይቀል ነበር። በእኛ አገር ዓይኑ የጠፋ ወንድ ልጅ የኔታ እግር ሥር ይቀመጣል፤ ዜማውንም ቅኔውንም በቃሉ ይይዝና ኋላ መሪጌታ ተብሎ ይከበራል። ለሴቷ ግን ያለው ሁለት ቦታ ነው፤ የቤት ጥግና የቤተ ክርስቲያን ደጅ።

ጎንደር የምትኖረው አክስቴ ይህንን ሰምታ መጣች። «የወንድሜ ልጅ ከደጀ ሰላም ተቀምጣ እጇን አትዘረጋም» አለችና በአውቶቡስ ይዛኝ ሄደች። ልጅ አልነበራትም፤ እናት ሆነችኝ። ጥጥ መፍተል አስተማረችኝ። ለፈትል ጣት እንጂ ዓይን ምን ያደርጋል! የኔ ክር ቀጭን ነው ተብሎ የሙስሊም ነጋዴዎቹ ሚስቶች ሳይቀሩ ቤታችን ድረስ ይመጡ ነበር።

መሠረተ ትምህርት በየቀበሌው ሲጀመር ማንም አይቀርም ተባለ። እኔም ሰው ነኝና ከአክስቴ ጋር ሄድሁ። የሚያስተምረው ወጣት አየኝና «አንቺስ ተፈቅዶልሻል፤ ቤትሽ ዕረፊ» አለኝ። በደግነት ነው ያለው። ሰው ሳቀ። አክስቴ ግን ከተቀመጠችበት ተነሥታ «እኔ አሮጊቷ የማይገባኝ ስማር፣ የሚገባት ልትቀር ነው?» ብላ እጄን ይዛ ወጣች። እሷም ከዚያ ወዲያ አልተመለሰች፤ ሳትማር ቀረች።

ይህ ወሬ ከአንድ መምህር ጆሮ ገባ። እሱም እንደኔ ዓይነ ስውር ነው። ሩቅ አገር ካለ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ታሪክ ሊያስተምር ጎንደር የተመደበ ሰው። አንድ ከሰዓት በኋላ በትሩን እያንኳኳ መጣ። አክስቴ ወንበር እስክታቀርብለት እሱ መደቡን አግኝቶ ተቀምጧል።

«የት አለች ፈታይቱ?»

«አለሁ ጋሼ።»

«እስቲ ጣትሽን።» ያዘና ዳበሰው። «ክር የለየ ጣት ነጥብ መለየት ያቅተዋል? ይህ እኮ የንባብ ጣት ነው!»

ብሬል ማለት ስድስት ነጥብ ነው አለኝ። ነጥቦቹ እየተፈራረቁ፣ አንዱ ጎልቶ ሌላው እየቀረ፣ ፊደሉን ሁሉ ይሠራሉ። መነሻ የሚሆነኝን፣ ነጥቡ ጎልቶ የወጣ የፊደል ገበታ ከሸክላ እንድናሠራ መከረን። አክስቴ ከቤተ እስራኤሎቹ መንደር ከወለቃ ወርዳ ለአንዲት ሸክላ ሠሪ ነገረቻት። ሴትዮዋ እየሳቀች «ስንቱን ሠርቻለሁ፤ ፈንጣጣ የወጣበት ሸክላ ግን ገና ዛሬ ታዘዝሁ» አለች። ቢሆንም አሳምራ ሠራችው። ነጥቡ ሽንብራ ሽንብራ ያህላል። እየፈተልሁ በጎን እሱን እዳብሳለሁ።

ሽንብራውን ስጨርስ መምህሩ መጽሐፍ አመጣልኝ። እንደ ትራስ የሚታቀፍ ወፍራም መጽሐፍ፤ ለሕፃናት የተጻፈ የተረት መጽሐፍ ነው። የወረቀት ነጥብ ግን ጤፍ ነው። መጀመሪያ ላይ ጣቴ ከጫፍ ጫፍ ይንሸራተትና ምንም ሳይይዝ ይመለሳል። ኋላ አንድ ቃል ያዝሁ፤ «ጦጣ» የሚል ነበር። ጮህሁ! አክስቴ እሳት የነካኝ መስሏት ሮጣ መጣች። እያደር የጦጣዋን ተረት እስከ መጨረሻው ዘለቅሁት።

መምህሩ አንድ ቀን ቁም ነገሩን ነገረኝ። «ከመስቀል በኋላ ከአዳሪ ትምህርት ቤቱ ሰዎች ይመጣሉ። ወረቀት ይሰጡሻል። በቃል የያዝሽውን ሳይሆን ነክተሽው የማታውቂውን ነው የምታነቢ። ካነበብሽ ይወስዱሻል። ዕድሜሽ ግን ሄዷል፤ ዘንድሮ ካለፈሽ አለፈሽ ነው። ከመጽሐፉ ላይ እጅሽን እንዳታነሺ።»

ለፋሲካ ሰሞን እሱ ራሱ ቀረ። ተዛወረ ያለ አለ፤ ወሰዱት ያለም አለ። በዚያ ዘመን የቀረ ሰው ለምን ቀረ ተብሎ አይጠየቅም። ብዙም ሳይቆይ የቤት ለቤት አሰሳው መጣ። ከጎረቤታችን ቤት መጽሐፍ ተገኝቶ አባወራው ታሰረ። አክስቴ በሩን ዘግታ መጽሐፌን ከእጄ ወሰደችው።

«ይህ ነጥብ ነጥብ ምንድን ነው ቢሉኝ ምን ልመልስ? የሽፍታ ምስጢር ነው ቢሉኝስ?»

እውነቷን ነው። ከጓዳ ወስዳ ከጤፉ ኩንታል ሥር ከተተችው። አብዮት ጠባቂዎቹ በማግሥቱ መጡ፤ ኩንታሉን በሳንጃ ወግተው ጤፉን አፈሰሱት፤ ሥሩን ግን አላዩትም። ሲሄዱ አክስቴ ጤፉን አፍሳ፣ ኩንታሉን ሰፍታ እዚያው መልሳ ጫነችው። አክስቴ ይህንን ስታወራ እንደ ጀግና ነበር የምትንጎራደድ።

«እታለም፣ አሁን አውጪልኝ» እላታለሁ።

«ምነው ልጄ! አንገቴን ልታስቆርጪው ነው? ክረምቱ ይውጣ።»

ክረምቱን በሸክላው ከረምሁ። ለእንቁጣጣሽ ኩንታሉን አንሥታ አመጣችልኝ። «እንኪ! አይጥ አልነካው፣ ውኃ አልነካው። ድሮ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ነበር፣ እንዲያውም ተስተካክሎልሻል።»

ገለጥሁት። ልስልስ ነው። ሌላውን ገጽ ገለጥሁ፤ ያም ልስልስ። እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ነጥብ ተርፏል፣ ከታጨደ ማሳ እንደቀረ ቃርሚያ። ብሬል ክብደት እንደሚገድለው እሷ በምን ታውቃለች? እኔስ መቼ አውቄ?

«በይ አንብቢልኝ» አለች ከጎኔ ተቀምጣ።

የጦጣዋን ተረት በቃሌ አልሁላት። ጣቴ በባዶው ላይ ይሄዳል። እሷ ትስቃለች።

ከመስቀል በኋላ ሰዎቹ መጡ። የሚፈትነውም ዓይነ ስውር ነበር፤ ድምፁ የለሰለሰ ሰው። ወረቀቱን ሰጠኝ። ጤፉ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ሽንብራ የለመደ ጣቴ ጤፉን ሳተው። ሦስተኛውን ፊደል ስይዝ የመጀመሪያው ይጠፋኛል። ላቤ ወረቀቱን አራሰው። ሰውዬው አላቻኮለኝም።

«ማን አስተማረሽ?»

ነገርሁት። «አብረን ነው የተማርን» አለ። «የት እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔም።» ወረቀቱን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወሰደው። «ፊደሉን ታውቂያለሽ፤ ንባብ ግን አልያዝሽም። ለሚመጣው ዓመት...» ብሎ ተወው። ዕድሜዬን ሰምቷላ።

«እሺ፣ አንድ መጽሐፍ እንኳ ቢሰጡኝ?»

«ለልጆቹም አልበቃን።»

አክስቴ ደጅ ላይ ቆማ ነበር። «ምን አሉሽ?»

«ዕድሜሽ አልፏል አሉኝ።»

«የእጃቸውን ይስጣቸው! እንዲህ የምታነቢውን ልጅ!»

ከዚያ በኋላ ከአምባ ጊዮርጊስ ዘመድ በመጣ ቁጥር «እስቲ ያን መጽሐፍሽን አምጪ» ትላለች። አመጣለሁ። ልስልሱን ወረቀት እየዳበስሁ ያንኑ ተረት እላለሁ፤ እንግዶቹ ይደነቃሉ፤ እሷ በኩራት ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች። አንባቢ አሳድጌያለሁ እንዳለች ሞተች።

ሸክላ ሠሪዋም ከወገኖቿ ጋር አገር ለቅቃ ሄደች። ሸክላው ግን አሁንም አለኝ። ፊደሉ ሁሉ አለበት፤ አንድም ቃል የለበትም። ይህንንም እኔ በአፌ እያልሁ ሌላ ሰው ነው የሚጽፈው። ሲጨርስ ያነብልኛል። ወረቀቱን ተቀብዬ እዳብሰዋለሁ፤ ልስልስ ነው።