ከመቀመጫ መነሳት ክልክል የሆነበት ሰኞ

ረቡዕ፣ ገና ሲነጋጋ፣ ኤድመንተን

«ጃኬት ያዢ!» ትለኛለች እማዬ ከመኝታ ቤቷ ሆና። ሰኔ ነው ብላት አትሰማኝም፤ ሃያ ዓመት ለንደን ኖራ ይህን አገር አንድ ቀን አምናው አታውቅም። ጃኬቱን ይዤ ወጣሁ።

ኤድመንተን ከእኔ ቀድሞ ነቅቷል። አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ የመጋዘን ሠራተኞች፣ ግማሾቹ ከሌሊት ፈረቃ እየወጡ ግማሾቹ እየገቡ፣ አንድ ፌርማታ ላይ ተደባልቀው ቆመዋል። ከፌርማታው አለፍ ብሎ ጋሼ ተፈራ ባለ ሃያ አራት ወንበር ሚኒባሳቸውን አቁመው መስታወት ይወለውላሉ። የሚኖሩት አርችዌይ ነው። ከአዲስ አበባ የወጡት በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ሲሆን አማርኛቸውም እዚያው ዘመን ላይ ቀርቷል።

«ጓዲት ሕይወት፣ ዛሬ ደግሞ እነማንን ነው የምንቀበለው?»

«ከስሪላንካ የሚመጡ አሥራ ስምንት የክሪኬት ደጋፊዎች።»

«ክሪኬት እንደ እግር ኳስ ነው?»

«አይ፣ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በእንጨት ይመታል።»

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«አምስት ቀን።»

ዞር ብለው አዩኝ። «አምስት ቀን ተጫውተው ማን ያሸንፋል?»

«አንዳንዴ ማንም አያሸንፍም።»

ሞተሩን አስነሱ። «እንዲህ ያለ ስብሰባ እኛም ነበረን» አሉ።

ስምንት ዓመት በአስጎብኚነት ስሠራ ብዙ ዓይነት ቡድን መርቻለሁ። የቤተ መንግሥት አፍቃሪዎች አሉ፣ የአትክልት ቦታ አፍቃሪዎች አሉ፣ ሱቅ ብቻ የሚወዱም አሉ። የክሪኬት ሰዎች ግን ከሁሉም ይለያሉ፤ ለንደንን ሊያዩ አይመጡም። ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር ግድም በረው የሚመጡት ወንበር ላይ ሊቀመጡ ነው።

ረቡዕ ረፋዱ፣ ኤርፖርት

አንድ ዓይነት ሰማያዊ ኮፍያ አድርገው ተያይዘው ወጡ። ከፊት ያለው ኒማል ነው፤ ኮሎምቦ ውስጥ ጎማ ይነግዳል፣ ቡድኑን ያሰባሰበውም እሱ ነው። ድምፁ ከሰውነቱ ይተልቃል። ከኋላ ቀስ ብለው የሚመጡት ሚስተር ፔሬራና ባለቤታቸው ናቸው። ሚስተር ፔሬራ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የባቡር ጣቢያ ሹም ነበሩ። ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ሰዓታቸውን አይተው በእንግሊዝኛ «አራት ደቂቃ ዘግይተሻል፣ ልጄ» አሉኝ። ወዲያው ወደድኳቸው።

ሚኒባሱ ውስጥ የጤና ቅጽ አስሞላሁ። የልብ ሕመም፣ የስኳር፣ የደም ግፊት የሚሉት ጥያቄዎች ላይ ሚስተር ፔሬራ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጥ ያለ መስመር ስበው ከሥሩ «ደህና ነኝ» ብለው ጻፉ። ባለቤታቸው አዩት፣ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። እኔም አየሁና ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ቅዳሜ፣ ሜዳው

ሆቴላችን ካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ ነው። ጠዋት ጠዋት ከአንዲት ጠባብ ካፌ እንቁላልና ቶስት እንበላለን፣ ጋሼ ተፈራ ይጭኑናል፣ ሜዳው አጠገብ መቆም ስለማይፈቀድ አሥር ደቂቃ በእግር እንሄዳለን። ምሳ ኒማል ያዘዘው ሩዝና የሚያቃጥል የዓሣ ወጥ በፎይል ተጠቅልሎ ይመጣል። ሻይ ሦስት ፓውንድ ከሃምሳ ነው፤ ሚስተር ፔሬራ ዋጋውን ሰምተው ውሃ ይበቃኛል አሉ።

ሐሙስና ዓርብ የስሪላንካ ቡድን ክፉኛ ተደቆሰ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ግን ሁለት መቺዎች አንወጣም ብለው ሜዳው ላይ ተጣብቀው ቀሩ። ያን ጊዜ ኒማል ከጫፍ ወንበሩ ብድግ ብሎ መላውን ረድፍ ቃኘና አወጀ፦ «ማንም አይንቀሳቀስ። ሁሉም አሁን በተቀመጠበት ይቀመጥ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ከእኔ ሌላ የሳቀ አልነበረም። የክሪኬት ደጋፊ ዘንድ ነገር ሲቃና መቀመጫ አይለወጥም፤ እግር ያጣመረ እንዳጣመረ ይቆያል። አንድ የባንክ ሠራተኛ በዚያ ሰዓት ሻይ ሊገዛ ወርዶ ነበር። ኒማል ስልክ ደውሎ «እዚያው ሁን፣ እንዳትመለስ» አለው። ሰውዬው ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሻይ መሸጫው ፊት ቆሞ ጨዋታውን በስክሪን ተከታተለ፤ አመሻሹ ላይ እንደ ጀግና አቀፉት።

እኔ ደግሞ በአጋጣሚ ከሚስተር ፔሬራ በስተግራ ተቀምጬ ስለነበር ቦታዬ ያ ሆነ።

እሑድ፣ ከሜዳው መልስ

ደረጃው ላይ ሚስተር ፔሬራ ቆም ብለው ሕንፃ የሚያዩ ይመስላሉ። ሦስት እርከን፣ ሕንፃ፤ ሌላ ሦስት እርከን፣ ሌላ ሕንፃ። ሚኒባሱ ውስጥ ባለቤታቸው አጠገቤ ተቀመጡና በጆሮዬ «ሌሊቱን ሲገላበጥ ነው ያደረው» አሉኝ። «እኔ እንደነገርኩሽ እንዳታነሺበት፣ ይቆጣል።»

አላነሳሁም። ሰው እንዳይቀየመኝ ብዬ ዝም ማለት እችልበታለሁ።

ሰኞ፣ የመጨረሻው ቀን

የስሪላንካ መቺዎች እስከ ማታ ከጨዋታ ካልወጡ አቻ ነው። ማሸነፍማ ቀርቷል። ሁለት ወጣት መቺዎች፣ ከኋላቸው ሌላ የሚተካቸው ሰው የሌላቸው፣ እስከ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ኳሷን ከመከላከል በቀር ሌላ ሥራ የላቸውም። ኒማል ጠዋት እያንዳንዱን ቅዳሜ በተቀመጠበት ወንበር አስቀመጠ። የባንክ ሠራተኛው ሳይጠየቅ ወደ ሻይ መሸጫው ወረደ።

ከምሳ ጀምሮ ማንም አልተነሳም። አሥር ሰዓት አለፈ። ረድፉ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ተቀምጧል። ዞር ስል የሚስተር ፔሬራ ግንባር በላብ ተጥለቅልቋል። ነፋስ ነበር፤ እኔ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆልፌያለሁ።

«ሚስተር ፔሬራ፣ ደህና ነዎት?»

«ሙቀቱ ነው።»

«ሙቀት የለም እኮ።»

ዓይናቸውን ከሜዳው ሳይነቅሉ «ደረቴን ትንሽ ጫን አድርጎኛል» አሉ። «ሲያልቅ ይለቀኛል።»

«እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። ሐኪም ልጥራ።»

ቀኝ እጃቸውን ክንዴ ላይ አሳረፉ፤ ቀዝቃዛ ነበር። «ስሚኝ፣ ልጄ። እዚህ ያሉት አንዳንዶቹ ለዚች ጉዞ ስድስት ዓመት ቆጥበዋል። አሁን ብነሳና ያ ልጅ ቢወጣ ምንም አይሉኝም። ክፉ ቃል አይወጣቸውም። ዝም ይሉኛል። እሱን ነው የማልችለው።»

በአገራቸው ምን እንደሚሉት አላውቅም። እኛ ይሉኝታ እንለዋለን፤ እኔ ደግሞ ከእናት ከአባቴ የወረስኩት ሌላ ሀብት የለኝም።

አባዬ የሞተው አርችዌይ በነበርንበት ጊዜ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ቤታችን ተቀምጠው ይጫወታሉ። እኔ ሳህን ሳነሳ አባዬ ብርጭቆውን ከግራ ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ። ግራው እንደማይነሳለት አየሁ። ግንባሩ ልክ እንዲህ ረጥቦ ነበር። እንግዳ ፊት «አባዬ፣ ምን ሆነሃል?» ማለት እሱን ማሳፈር መሰለኝና ሳህኔን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። እንግዶቹን እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ሸኛቸው። ሲመለስ የሕንፃው በር ላይ ወደቀ። ማየቴን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አሁንም ተቀምጫለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ተቀምጫለሁ! አሥራ ስምንት ሰው ደስታው እንዳይበላሽ፣ ኒማል እንዳይጮህብኝ፣ ሽማግሌው እንዳያፍሩ። ወርዋሪው ስድስት ጊዜ ወርውሮ ለሌላው ይለቃል። ስድስቱ ኳስ ይለቅ፣ ከዚያ እነሳለሁ አልኩ ለራሴ።

አንድ። መቺው ዘጋት። ሁለት። በአጠገቡ አለፈች፣ ሕዝቡ ኡኡ አለ። ሦስት። ሚስተር ፔሬራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አራት። መቺው በሚያምር ሁኔታ አቆማት፣ ረድፉ አጨበጨበ። ሚስተር ፔሬራም ሊያጨበጭቡ ቀኝ እጃቸውን አነሱ፤ ግራው ግን ጭናቸው ላይ ቀረ።

ብድግ አልኩ።

«ተነሱ! ሁላችሁም ተነሱ፣ አሳልፉን!»

ኒማል ከጫፉ ሆኖ እጁን ዘረጋ። «ተቀመጪ! ሁለት ኳስ ነው የቀረው!»

«አሁን! ልቡን አሞታል፣ ኒማል! አሁን ተነስ!»

በሕይወቴ እንዲህ ጮኼ አላውቅም፤ ትሕትናውንም ይሉኝታውንም ረስቼዋለሁ። ኒማል ሚስተር ፔሬራን አየ። ከዚያ ዘሎ ደረጃው ላይ ቆመና እንደዚያው በትልቁ ድምፁ «ሐኪም!» እያለ ይጣራ ጀመር። ረድፉ በሙሉ ተነሳ። እኔና ባለቤታቸው በብብታቸው ይዘናቸው ወጣን። ከኋላችን ወርዋሪው ይሮጣል፤ ዞሮ ያየ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያ ዕርዳታ ሰዎች በተሽከርካሪ ወንበር ወሰዷቸው፣ አምቡላንስ መጣ፣ ባለቤታቸው አብረው ገቡ። ለጋሼ ተፈራ ደወልኩ።

«ሰዎቹን እኔ ወደ ሆቴል እመልሳቸዋለሁ» አሉኝ። «አንቺ ታክሲ ያዢና ሂጂ። ምን ቆመሽ ትደውያለሽ!»

ሰኞ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ሆስፒታል

ከክንዳቸው በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው የተዘጋውን የልብ ደም ሥር ከፈቱት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን በእርሳስ አስይዛለች። «ግማሽ ሰዓት ቢቆዩ ኖሮ…» አለችና አልጨረሰችውም። እኔ ያቺን ግማሽ ሰዓት በኳስ ቆጥሬ ልጨርሳት እንደነበር አልነገርኳትም። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

እንድንገባ ሲፈቀድልን ሚስተር ፔሬራ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ባለቤታቸው ጎናቸው ናቸው። ትንሽ ቆይቶ ኒማል ኮፍያውን በእጁ ይዞ እንደ ተማሪ በሩ ላይ ቆመ።

«ወጡ?» አሉ ሚስተር ፔሬራ።

«አልወጡም። እስከ መጨረሻው ቆሙ። አቻ!»

ሽማግሌው ደስ ያላቸው አልመሰሉም። «እኔ ሳልኖር?»

ኒማል ወለል ወለሉን እያየ «እኛም ወደ ቦታችን አልተመለስንም» አለ። «ሁላችንም ደረጃው ላይ እንደቆምን ነው ያለቀው። የባንክ ሠራተኛውም መጥቶ አብሮን ነበር።»

ሚስተር ፔሬራ ጣሪያውን አዩ። «እንግዲያው» አሉ፣ «አርባ ዓመት ሙሉ ሽንት ቤት መሄድ እችል ነበር ማለት ነው።»

ባለቤታቸው በመጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን አንሶላው ውስጥ ቀብረው አለቀሱ። ኒማልም አለቀሰ፤ ለቅሶውም እንደ ድምፁ ትልቅ ነበር፣ ነርሷ መጥታ አስወጣችን።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ወደ ቤት

አሥራ ስድስቱን ኤርፖርት ሸኘን። ሚስተር ፔሬራና ባለቤታቸው ሐኪሞቹ መብረር እስኪፈቅዱላቸው ይቆያሉ። ኒማል ሲሰናበተኝ ሰማያዊ ኮፍያውን አውልቆ ራሴ ላይ አደረገልኝ። ጋሼ ተፈራ ኤድመንተን ሲያወርዱኝ «በርቺ፣ ጓዲት» ብቻ አሉኝ።

እማዬ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ድንች ትልጣለች። ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ላቡን፣ እጃቸውን፣ የጮህኩትን።

«ጎበዝ ልጄ» አለችኝ። «እንኳን ደረስሽላቸው።»

ጎበዝ መባሉን መሸከም አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ያን ቀን አባዬንም አይቼው ነበር። እንግዶቹ ተቀምጠው ሳሉ። ግራ እጁ አልነሳ ብሎት፣ ግንባሩ ርሶ። አየሁና ዝም አልኩ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። ድንቹን በእጇ እንደያዘች ወደ መስኮቱ አየች፤ አባዬ ከሞተ ወዲህ አሥራ ሰባት ዓመት ሁለታችን አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር እንደ አሁኑ ደክሟት አላየኋትም።

«እኔም አይቼው ነበር» አለች። «እንግዶቹ እስኪሄዱ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»